ያውቁ ኖሯል? «ወፉ» በሌላ ሰው ትንፋሽ

የዛሬው ዓምዳችን ስለ አንድ አልበም ነው። አልበሙ ግን ብቻውን አይመጣም፤ የተገጨ ዶሮ፣ የፕላስቲክ ሳክስፎን፣ የተወረወረ ሲምባልና አንድ ግራ የሚያጋባ የመቃብር ድንጋይ አስከትሎ ነው የሚመጣው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልበሙ «በርድ ሶንግስ» ይባላል፤ «የወፉ ዜማዎች» እንደማለት። ባለቤቱ አሜሪካዊው ሳክስፎኒስት ጆ ሎቫኖ ነው። ብሉ ኖት የተባለው ስመ ጥር የጃዝ አሳታሚ በጃንዋሪ 2011 አወጣው። «ወፉ» ደግሞ ቻርሊ ፓርከር ነው፤ በ1940ዎቹ ከእነ ዲዚ ጊለስፒና ቴሎኒየስ መንክ ጋር ሆኖ ቢቦፕ የተባለውን ፈጣን፣ ጥምዝምዝ፣ ለዳንስ የማይመች ጃዝ ያመጣው ሰው።

ያውቁ ኖሯል? በአልበሙ ላይ ካሉት 11 ሥራዎች አብዛኞቹ በፓርከር ስም የተመዘገቡ ናቸው። «ላቨር ማን» ግን የእሱ ድርሰት አይደለም። ፓርከር በሕይወቱ ክፉ ቀን ስለተጫወተው ከስሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። እንመለስበታለን።

ፓርከር የሚታወቀው በአልቶ ሳክስፎን ነው። ሎቫኖ ደግሞ በአብዛኛው የሚነፋው ቴነር ነው። አልቶ አነስ ያለ መሣሪያ ስለሆነ ድምፁ ቀጠን ይላል፤ ቴነር ጎርነን ያለ ነው። ስለዚህ ሎቫኖ «ልክ እንደ ፓርከር ልንፋ» ቢል እንኳ መሣሪያው አይፈቅድለትም። በእኔ ግምት አልበሙን ያዳነው አንዱ ነገር ይኸው ነው። የቴነሩን ጉዳይ ግን ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ያውቁ ኖሯል? የሎቫኖ አባት ቀን ቀን ፀጉር አስተካካይ፣ ማታ ማታ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ከተማው ኦሃዮ ውስጥ ያለው ክሊቭላንድ ነው፤ ሰውየው በሙዚቀኞች ዘንድ «ቢግ ቲ» በሚል ቅጽል ይታወቅ ነበር። ልጁ ሳክስፎን የያዘው ገና በልጅነቱ ነው። ጆ የተወለደው በዲሴምበር 1952 ሲሆን ፓርከር ያረፈው በማርች 1955 ነው። ሁለቱ በአንድ ምድር ላይ የኖሩት ለሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነው ማለት ነው።

ሎቫኖ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የተማረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞት እዚያው ገብቷል። ሁለቱም በየጊዜያቸው ከዚሁ ትምህርት ቤት የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል፤ ሎቫኖ በ1998፣ ሙላቱ በ2012።

በአልበሙ ላይ የተጫወተው ቡድን «አስ ፋይቭ» ይባላል፤ «እኛ አምስታችን»። ከአምስቱ ሁለቱ ድራመሮች ናቸው። አንዱ ኩባዊው ፍራንሲስኮ ሜላ፣ ሌላው ኦቲስ ብራውን ሦስተኛው። ፒያኖው ላይ ጄምስ ዋይድማን አለ። ሁለት ድራመር በአንድ ቡድን ውስጥ ሲባል ጩኸት የሚጠብቅ ይኖራል። የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ አንዱ ሲምባሉን እያሻሸ ሌላው ቆዳውን በጣቶቹ የሚነካካ ይመስላል።

ቤዝ የያዘችው ኤስፔራንዛ ስፖልዲንግ ናት። ያውቁ ኖሯል? አልበሙ ከወጣ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2011፣ ይህችው የ26 ዓመት ቤዝ ተጫዋች የግራሚን «ምርጥ አዲስ አርቲስት» ሽልማት ወሰደች። አብረዋት የታጩት ጀስቲን ቢበር፣ ድሬክ፣ ፍሎረንስ ኤንድ ዘ ማሺን እና ማምፎርድ ኤንድ ሰንስ ነበሩ። ሽልማቱን የጃዝ ሰው ሲወስድ ያ የመጀመሪያው ነው። የቢበር አድናቂዎች በዚያው ምሽት ዊኪፒዲያ ላይ ያለውን የልጅቷን ገጽ በስድብ አጥለቀለቁት። «በርድ ሶንግስ» ራሱ በቀጣዩ ዓመት ለግራሚ ታጭቶ ነበር፤ ሽልማቱን የወሰደው ግን የቺክ ኮሪያ፣ የስታንሊ ክላርክና የሌኒ ዋይት «ፎርኤቨር» ነው።

አሁን ወደ ዜማዎቹ።

«ዶና ሊ» የሳክስፎን ተማሪ ሁሉ የሚንቀጠቀጥበት ዜማ ነው። ፓርከር በሜይ 1947 የቀረጸው ቅጂ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሳያቋርጥ ይሄዳል፤ መተንፈሻ የሚገኝ አይመስልም። ሎቫኖ ምን አደረገ? አዘገየው። ባላድ አደረገው። በመጀመሪያ ስሰማው ማጫወቻዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ገባኝ። በዚያ ሩጫ ውስጥ የተደበቀው ዜማ ለካ ሐዘን ነበረበት። በየመታጠፊያው የነበረችው ቅንጣት ኖታ፣ ስትሮጥ ያልታየችው፣ አሁን ቆማ ትታያለች። በዚህ አልበም ላይ ከአንድ በላይ ልሰማ ጊዜ የለኝም የሚል ካለ ይህን ይስማ።

ያውቁ ኖሯል? «ዶና ሊ» በፓርከር ስም ቢመዘገብም «የእኔ ነው» ያለ ሌላ ሰው አለ፤ ማይልስ ዴቪስ። በቀረጻው ላይ ትራምፔት ይጫወት የነበረ ጊዜ ገና 20 ዓመቱ ነበር። የዜማው ስም የመጣው ከአንድ ቤዝ ተጫዋች ልጅ ስም ነው ይባላል። ዜማው በ1976 ጃኮ ፓስቶሪየስ እጅ ገባና በቤዝ ጊታር ተጫወተው፤ አጃቢው የኮንጋ ከበሮ ብቻ ነበር። የቤዝ ጊታር ታሪክ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ተብሎ የሚከፈለው በከንቱ አይደለም።

ከ«ዶና ሊ» ሥር ግን ሌላ ዘፈን ተኝቷል። ኮርዶቹ፣ ማለትም ዜማውን ከሥር የሚደግፉት አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ በ1917 የተጻፈው «ኢንዲያና» የተባለው የአገር ቤት ናፍቆት ዘፈን ኮርዶች ናቸው። ዜማው አዲስ፣ መሠረቱ ያው የድሮው። ቢቦፖች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። «ኦርኒቶሎጂ» ከ«ሃው ሃይ ዘ ሙን» ላይ ተሠራ፤ «ሙስ ዘ ሙች» ከዜማ ደራሲው ገርሽዊን «አይ ጋት ሪትም» ላይ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ትዝታን ያስቡ። ቅኝቱ አንድ ነው፤ ግን አዝማሪውም፣ ባለክራሩም፣ ከኦርኬስትራ ጋር የሚዘፍነውም የየራሱ ትዝታ አለው። «ትዝታዬን ሰረቅከኝ» ብሎ የተካሰሰ አልሰማንም። ልዩነቱ እኛ ስሙን አንቀይርም፤ ትዝታ ትዝታ ነው። ፓርከር ግን ዜማውንም ስሙንም ቀይሮ ያስመዘግባል። ለምን? በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የተጠበቀው ዜማው ነው፤ የኮርድ ቅደም ተከተል ብቻውን የማንም ንብረት አይደለም። አዲስ ዜማ ያስቀመጠ ሰው ለድሮው ደራሲ ሮያሊቲ አይከፍልም፤ አሳታሚውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ይህ በሸክላ ላይ ሲሆን የሚሰማበት ቦታ አለ። ኖቬምበር 26 ቀን 1945፣ ኒውዮርክ፣ ሳቮይ ለተባለ ኩባንያ ቀረጻ ተጀመረ። ፒያኒስቱ ባድ ፓወል አልመጣም። የ19 ዓመቱ ማይልስ ዴቪስ ትራምፔቱን ይዞ ተገኝቷል፤ ሊጫወቱ ያሰቡት ግን ፍጥነቱ በደቂቃ 300 ምት ገደማ ነው፤ ኋላ ላይ ራሱ እንዳመነው ለዚያ ገና አልደረሰም። ስለዚህ ዲዚ ጊለስፒ የሁለት ሰው ሥራ ያዘ፤ መግቢያውን በትራምፔት ይነፋና ሮጦ ፒያኖው ላይ ይቀመጣል። ድራሙ ላይ ማክስ ሮች አለ። ተጀመረ። መግቢያው አለቀና ፓርከርና ዲዚ «ቸሮኪ» የተባለውን የታወቀ ዘፈን ዜማ ያዙ። ወዲያው ጭብጨባና ፉጨት ተሰማ፤ አቁሙ ነው። የ«ቸሮኪ»ን ዜማ ከተጫወቱ ለደራሲው ሊከፈል ነው። በሚቀጥለው ሙከራ መግቢያውን ነፉ፣ ዜማውን ዘለሉት፣ ፓርከር በቀጥታ ወደ ሶሎው ገባ። ሦስት ደቂቃ የማይሞላው ያ ሸክላ «ኮ ኮ» ተባለ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ በ2002 ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ የድምፅ ቅጂዎች አንዱ ነው።

ሎቫኖ «ኮ ኮ»ን እንዴት ተጫወተው? ፒያኖና ቤዙን አስቀመጠና ከሁለቱ ድራመሮች ጋር ብቻ ገባበት። ልብ ይበሉ፤ ፓርከር ዜማውን ጣለና ኮርዱን አስቀረ። ሎቫኖ ኮርዱን የሚመቱትንም ጣላቸው። የቀረው ምትና ትንፋሽ ነው። የድሮ ሥራ መድገም ማለት እንዲህ ከሆነ ይደገም።

«ሙስ ዘ ሙች» ስሙ ሲሰማ ያስቃል፤ ታሪኩ አያስቅም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለፓርከር ሄሮይን ያቀብል የነበረ ሰው ቅጽል ስም ነው። ፓርከር በ1946 ዳያል ከተባለው ኩባንያ ከሚያገኘው ሮያሊቲ ግማሹን ለዚሁ ሰው በጽሑፍ ፈርሞ ሰጥቷል። ዕፅ ሻጩ በየሸክላው ላይ ድርሻ ነበረው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት፣ ጁላይ 29፣ «ላቨር ማን» ተቀረጸ። ፓርከር መቆም አቅቶታል። ፒያኖው መግቢያውን ሲጨርስ እሱ አልጀመረም፤ ዘግይቶ ይገባል፣ ድምፁ ይሰበራል፣ ኖታው ይንጠባጠባል። ያን ሌሊት በሆቴሉ በተፈጠረ ቀውስ ተይዞ ካማሪዮ ወደሚባል የአእምሮ ሆስፒታል ተላከ፤ ስድስት ወር ቆየ። የኩባንያው ባለቤት ሮስ ራስል ግን ሸክላውን አሳተመው። ፓርከር በዚህ ቂም ይዟል፤ እውነቱን ነው። ሲወጣ አንድ ብሉዝ ጻፈ፤ ስሙንም «ሪላክሲን አት ካማሪዮ» አለው፤ «በካማሪዮ እረፍት ላይ» እንደማለት። ሰው በመከራው ላይ እንዲህ ሲቀልድ ማየት ደስ ይላል።

ያውቁ ኖሯል? በ«በርድ ሶንግስ» ላይ «ብሉዝ ኮላዥ» በሚለው ሥራ ሦስት የፓርከር ብሉዞች በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። ሳክስፎኑ አንዱን፣ ፒያኖው ሌላውን፣ ቤዙ ሦስተኛውን ይዟል። ለምን አይጋጩም? ብሉዝ በተለመደው አሠራሩ 12 መስፈሪያ ነው፤ የኮርዱ ጎዳናም ያው ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ደረጃ ላይ እየወጡ የየራሳቸውን ወሬ እንደሚያወሩ ቁጠሩት።

ሎቫኖ በዚሁ አልበም አውሎክሮም የሚባል መሣሪያም ይዟል። ሁለት ሶፕራኖ ሳክስፎን ጎን ለጎን የተጣበቁበት ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሁለት ድምፅ ያወጣበታል። የሠራው ፍራንሷ ሉዊ ቤልጂየማዊ ነው። ሳክስፎንን ራሱን ፈልስፎ በ1846 ፓሪስ ላይ ፓተንት ያወጣበት አዶልፍ ሳክስም ቤልጂየማዊ ነበር። ትንሽ አገር፣ ትልቅ ሳንባ።

ሎቫኖ ወደ ቢቦፕ ዘመን ሲመለስ «በርድ ሶንግስ» የመጀመሪያው አይደለም። በ2000 በዘጠኝ ሰው ቡድን «ፊፍቲ ሰከንድ ስትሪት ቲምስ» የተባለ አልበም አውጥቶ በ2001 በትልቅ የጃዝ ቡድን ዘርፍ ግራሚ ወስዷል። ርዕሱ የመጣው በማንሃተን ከሚገኘው 52ኛ ጎዳና ነው፤ በ1940ዎቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ በጠባብ ምድር ቤቶች ውስጥ ኦኒክስ፣ ስሪ ዱሰስ የመሳሰሉ ክለቦች ተደርድረውበት ነበር። በአልበሙ ላይ ትልቅ ቦታ ያገኘው ታድ ዳሜሮን ነው፤ የቢቦፕ ዘመን ረቂቅ ዜማ ደራሲና አቀናባሪ፣ የክሊቭላንድ ልጅ። ሎቫኖም የክሊቭላንድ ልጅ። ብዙውን ያቀናበረለት ዊሊ ስሚዝም የክሊቭላንድ ሰው። የአገር ልጅ ነገር የትም ያው ነው።

ያውቁ ኖሯል? ቢቦፕ ሲወለድ ያየው ሰው ብዙ ነው፤ የቀረጸው ግን የለም ማለት ይቻላል። ኦገስት 1 ቀን 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ሸክላ እንዳይቀርጹ አድማ አወጀ። ትልልቆቹ ቪክተርና ኮለምቢያ እስከ ኖቬምበር 1944 ድረስ አልተስማሙም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው ሙዚቃው ከቢግ ባንድ ወጥቶ ሌላ ነገር የሆነው። ለዚህ ነው በ1945 የወጡት ሸክላዎች ከሰማይ የወረዱ የሚመስሉት፤ እድገታቸውን ያሳየን ቅጂ የለማ!

ሌላም ነገር ነበር። በ1944 የአሜሪካ መንግሥት ዳንስና ዘፈን ያለባቸው ቤቶች ላይ 30 በመቶ ግብር ጣለ፤ በዚያው ዓመት ወደ 20 በመቶ አወረደው። ዘፋኝ የሌለበት፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰማው የመሣሪያ ሙዚቃ ከዚህ ያመልጥ ነበር። ቢቦፕን የወለደው ግብር ነው አልልም። ትንሽ ክለብ፣ አምስት ሙዚቀኛ፣ የተቀመጠ አድማጭ ለሚለው አሠራር ግን በር ከፍቷል።

ሃርለም፣ 118ኛ ጎዳና ላይ የነበረው ሚንተንስ ፕሌይሃውስ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ እየመጡ በነጻ የሚፎካከሩበት ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ያልተከፈለበት ጨዋታ በማኅበሩ ደንብ ያስቀጣል። እዚያ ግን ሙዚቀኛው አይፈራም፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ሄንሪ ሚንተን በማኅበሩ የኒውዮርክ ቅርንጫፍ ተወካይ የነበረ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። ፒያኖው ላይ መንክ፣ ድራሙ ላይ ኬኒ ክላርክ። ክላርክ ምቱን ከትልቁ ከበሮ ወደ ሲምባሉ ያዛወረ ሰው ነው። ዛሬ በማንኛውም የጃዝ ቡድን የምንሰማው «ቲንግ፣ ቲ-ቲንግ» ከዚያ የመጣ ነው፤ የሎቫኖ ሁለት ድራመሮችም የክላርክ ልጆች ናቸው።

ስለ ሲምባል ካነሳን፤ «ዊፕላሽ» የተባለውን የ2014 ፊልም ያዩ ሰዎች ድራመሩ ጆ ጆንስ በወጣቱ ፓርከር ጭንቅላት ላይ ሲምባል ወርውሮ ሊገድለው ነበር የሚለውን ያስታውሳሉ። ፊልም ነው። በ1936 ካንሳስ ሲቲ በሚገኘው ሪኖ ክለብ የሆነው፣ በቦታው የነበሩት እንደተናገሩት፣ ሲምባሉን ነቅሎ ልጁ እግር ሥር መሬት ላይ ጣለው፤ ውረድ ማለቱ ነው። አንገት አልቆረጠም። አንጀት ግን ቆርጧል።

ልጁ ወደ ቤቱ ሄዶ ምን አደረገ? በ1954 ሳክስፎኒስቱ ፖል ዴዝሞንድ በራዲዮ ጠይቆት ነበር፤ የታወቀውን «ቴክ ፋይቭ» ኋላ የደረሰው ሰውዬ ማለት ነው። ፓርከር ለሦስት አራት ዓመት በቀን ከ11 እስከ 15 ሰዓት እለማመድ ነበር አለው። ጎረቤቶች እናቱን ልቀቂልን እስከማለት ደርሰው ነበር። ያን ጊዜ የተከራዩት ጎረቤቶች የዘመኑን ትልቁን ሙዚቀኛ በነጻ እየሰሙ ግድግዳ ሲደበድቡ ማሰብ ነው።

ኒውዮርክ ሲመጣም ቀይ ምንጣፍ አልተነጠፈለትም፤ ሃርለም ውስጥ ጂሚስ ቺክን ሻክ በተባለ ዶሮ መሸጫ ቤት ሳህን አጥቧል። እዚያው ቤት ፒያኖ ይጫወት የነበረው ታላቁ አርት ቴተም ነበር። ሳህን አጣቢው ኩሽና ሆኖ ይሰማል።

ዶሮ ካልን ዘንድ፦ «ወፉ» የሚለው ቅጽል ከየት መጣ? የባንድ መሪው ጄይ መክሻን ሲያወራው እንዲህ ነው። ወደ ነብራስካ ክፍለ ግዛት ለሥራ ሲጓዙ ፓርከር የተሳፈረበት መኪና የግቢ ዶሮ ገጨ። ፓርከር «አቁም፣ ተመለስ» ብሎ ዶሮዋን አነሳ፤ ያደሩበት ቤት ሲደርሱ ሴትየዋን ሠርታ እንድታበላቸው ጠየቃት። በአሜሪካ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች አነጋገር የግቢ ዶሮ «ያርድበርድ» ይባላል። ስሙ ወደ «በርድ» አጠረ። መኪና የገደለውን፣ ተባርኮ ያልታረደውን ዶሮ መብላት ለእኛ ነውር ነው፤ እንግዲህ ከዚያ ዶሮ የወጣውን ሙዚቃ ያየ ምን ይበል! «ያርድበርድ ስዊት» የሚለውም ዜማ ከዚሁ የመጣ ነው፤ የሎቫኖ አልበም የሚዘጋውም በእሱ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በሜይ 15 ቀን 1953 ቶሮንቶ፣ ማሲ ሆል ውስጥ ፓርከር፣ ጊለስፒ፣ ባድ ፓወል፣ ቤዝ ተጫዋቹ ቻርልስ ሚንገስና ማክስ ሮች በአንድ መድረክ ቆሙ። አዳራሹ አልሞላም፤ በዚያው ምሽት ሮኪ ማርሲያኖና ጀርሲ ጆ ዎልኮት ለከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮና ይቧቀሱ ነበር። ፓርከር የያዘው ሳክስፎን ግራፍተን የተባለ የፕላስቲክ ሥሪት ነው። ሙዚቃው በሸክላ ሲወጣ ስሙ «ቻርሊ ቻን» ተብሎ ተጻፈ፤ ከሌላ ኩባንያ ጋር ውል ስለነበረው ነው። ያ የፕላስቲክ ሳክስፎን በ1994 ለንደን ክሪስቲስ ጨረታ ላይ በ93,500 ፓውንድ ተሸጠ። የገዛው የካንሳስ ሲቲ ከንቲባ ነው፤ ለከተማው ሙዚየም። ዛሬ የአሜሪካ ጃዝ ሙዚየም ንብረት ነው።

በዲሴምበር 1949 ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው በርድላንድ የተባለው የጃዝ ክለብ የተሰየመው በፓርከር ነው። ኋላ ግን በስሙ ወደተሰየመው ቤት እንዳይገባ የተከለከለበት ጊዜ ነበር።

ፓርከር ከሞተ በኋላ ሙዚቃውን እንዴት እንያዘው የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው አስቸግሯል። ገና በሕይወት እያለ ዲን ቤኔዴቲ የተባለ አድናቂው መቅረጫ ይዞ ክለብ ለክለብ ይከተለው ነበር፤ የሚቀርጸው ግን የፓርከርን ሶሎ ብቻ ነው። ሌላው ሲጀምር ያጠፋዋል። ቅጂው በ1990 በሰባት ሲዲ ወጣ፤ ሰው ሲያወራ ግማሹን ብቻ በስልክ እንደመስማት ያለ ነገር ነው። በ1972 የተቋቋመው ሱፐርሳክስ ደግሞ ፓርከር በቅጽበት የፈጠራቸውን ሶሎዎች በኖታ ጽፎ አምስት ሳክስፎን በኅብረት እንዲነፉት አደረገ፤ ግራሚም አገኘበት። ክሊንት ኢስትውድ በ1988 «በርድ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ከድሮ ቅጂዎች የፓርከርን ሳክስፎን ለይቶ አወጣና አጃቢዎቹን በዘመኑ ሙዚቀኞች ተካ። ኦስካር በድምፅ ዘርፍ ወሰደ። እኔን ግን አይጥመኝም፤ ሞቶ የተቀመጠ ሰው ዙሪያ የተሰበሰቡ ሕያዋን ይመስሉኛል።

ከሎቫኖ አራት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ አባት እናቱ ከሕንድ የሆኑት አልቶ ተጫዋች ሩድሬሽ ማሃንታፓ «በርድ ኮልስ» አወጣ። ከፓርከር ዜማዎች አንዱንም ሙሉውን አልተጫወተም። ከ«ዶና ሊ» ቁራሽ፣ ከ«ሪላክሲን አት ካማሪዮ» ቁራሽ እየወሰደ የራሱን ዜማ ሠራ። ሎቫኖ ዕቃውን ሳይሸጥ ቤቱን አድሶ የሚኖር ነው፤ ማሃንታፓ ከፈረሰው ቤት እንጨት ወስዶ ሌላ ሰፈር የሠራ። ምርጫዬን ከጠየቁኝ ሎቫኖን እላለሁ፤ ማሃንታፓን ግን ለወጣት ሳክስፎኒስት እመክራለሁ።

ፓርከር የሞተው ማርች 12 ቀን 1955 ኒውዮርክ፣ ስታንሆፕ ሆቴል ውስጥ፣ ከሮትሽልድ ቤተሰብ የተወለደችው ባሮነስ ፓኖኒካ ክፍል ነው። የዶርሲ ወንድማማቾችን የቴሌቪዥን ዝግጅት እያየ ነበር። አስከሬኑን የመረመሩት ዕድሜውን ከ50 እስከ 60 ገመቱት። 34 ዓመቱ ነበር።

የቴነሩን ነገር ያዙልኝ ብዬ ነበር። ፓርከር ቴነር ጭራሽ አልነካም ማለት አይደለም። በ1943 በኧርል ሃይንስ ቢግ ባንድ ውስጥ ክፍት የነበረው የቴነር ቦታ ብቻ ስለነበር እሱን ይዞ ሠርቷል፤ በ1947 ከማይልስ ዴቪስ ጋር ሲቀርጽም ቴነር ነፍቷል። ዓለም የሚያውቀው ግን በአልቶ ነው። ካንሳስ ሲቲ አቅራቢያ ሊንከን መካነ መቃብር ሄደው የተኛበትን ድንጋይ ቢያዩ፣ ከስሙ ጋር የተቀረጸው ሳክስፎን ቴነር ነው።